የግራ ጉልበቴ ጅማት ከተሰራ 6 ወር ሊሞላው ነው፣ የጎልፍ ስዊንግ (ዱላውን አወዛውዞ መምታት) ሳደርግ ግን ክብደቴን እሱ ላይ መጣል አቃተኝ

ግራጉልበት (ሲልቨር ስፕሪንግ) ማርች 22

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ ከነታሪኩ ካልነገርኳችሁ ግን ምክሩም አይገጥምልኝም ብዬ ነው።

ዕድሜዬ 47 ነው፣ በቀኝ ነው የምመታው፣ ጎልፍ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ሃንዲካፔ (የችሎታ መለኪያው፣ ሲያንስ ነው ጥሩው) 14 ደርሶ ነበር። ባለፈው ኦገስት መጨረሻ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ቅዳሜ ጠዋት 4ኛው ሆል (ጉድጓድ) ላይ ኳሴ ባንከር (አሸዋ የተሞላ ጎድጓዳ ቦታ) ገባች። ዞሬ በዝቅተኛው በኩል መግባት ሲገባኝ ከኋላ ሰው እየጠበቀ ነው ብዬ በቁልቁለቱ ወረድኩ። ግራ እግሬ እርጥቡ ሳር ላይ ተንሸራተተና አሸዋው ጫፍ ላይ ሲደርስ ተቸክሎ ቀረ፣ ሰውነቴ ግን መዞሩን አላቆመም። ጧ አለ። በጆሮ የሚሰማ ዓይነት አይደለም፣ ከውስጥ በአጥንት በኩል ነው የመጣብኝ። ሳንድ ዌጁን (የአሸዋ ዱላውን) እንደያዝኩ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ በካርት አወጣኝ፣ ቤት እስክደርስ ጉልበቴ ከማበጡ የተነሳ ሱሪው አልወልቅ ብሎ ባለቤቴ በመቀስ ነው የቀደደችው።

ድንገተኛ ክፍል ራጅ አንስተው አጥንት አልተሰበረም፣ በረዶ አድርግበት ብለው ላኩኝ። እብጠቱ በ3 ሳምንት ጎደለ፣ እኔም ዳንኩ አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ከስር ተነቅሎ የሄደ ነው የመሰለኝ። ኤምአርአይ ሲነሳ ኤሲኤል የሚባለው የመሃል ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ሜኒስከሱም (በአጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ) ተቀዷል። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ከራሴ ከጉልበት ሎሚዬ ስር ካለው ጅማት ቆርጠው ነው አዲስ የሰሩልኝ፣ ሜኒስከሱንም ሰፉት። በስፌቱ ምክንያት 6 ሳምንት ክራንች፣ ጉልበቴንም ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳላጥፍ ብሬስ ታሰረልኝ።

አሁን ጥሩ ነኝ። ሕመም የለኝም፣ ብስክሌት እነዳለሁ፣ ፐትና ቺፕ (አጫጭሩን ምት) ከጃንዋሪ ጀምሮ እያደረግኩ ነው። ሰርጅኑ ደግሞ 6 ወር ሲሞላህ ቀስ በቀስ ሙሉ ስዊንግ ጀምር ብሎኛል። ትናንት ሬንጅ (መለማመጃ ሜዳ) ሄጄ በ7 አይረን (መካከለኛ የብረት ዱላ) ግማሽ ስዊንግ ሞከርኩ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ወደ ኳሷ ስወርድ ቀኝ እግሬ ላይ እንደተቀመጥኩ እቀራለሁ፣ ወደ ግራ መሻገር እምቢ ይለኛል። ወይ መሬቱን ከኳሷ በፊት እመታለሁ ወይ አናቷን ብቻ እነካለሁ። ልጄ በስልክ ቀረጸኝ፣ ስጨርስ ወደ ኋላ ተዘርጥጬ ነው የቆምኩት። ወገቤንም ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሕማማት ደርሷል፣ ስግደቱን ምን ላድርግ? ጠባሳው ላይ መንበርከክ እንደ ቢላ ነው የሚወጋኝ። ያለፈበት ሰው ካለ በእግዚአብሔር ንገሩኝ።

ሬንጅሰው (አሌክሳንድሪያ) ማርች 22

ወንድሜ እግዜር ይማርህ። ባንከሩን ሳነበው የኔ ጉልበት ነው ያመመኝ። መልስ የለኝም ግን እከታተላለሁ፣ አይዞህ።

ፊዚዮዳላስ (ዳላስ) ማርች 23

እግዚአብሔር ምሕረቱን ያብዛልህ። እኔ ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ኤሲኤል የተሰሩ ሰዎች በየሳምንቱ አያለሁ፣ ጎልፍ ግን አልጫወትም ስለዚህ የስዊንጉን ነገር ለሌሎቹ ልተው። ያንተን ጉልበት ሳላይ ደግሞ እንዲህ አድርግ ብዬ መፍረድ አልችልም፣ ከራስህ ፊዚዮ ጋር ተነጋገርበት።

መጀመሪያ ጥያቄ። ጉልበትህ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይ? ማለት በጀርባህ ተኝተህ ተረከዝህ ስር ፎጣ ጠቅልለህ ብታደርግ፣ የግራውና የቀኙ ጉልበት እኩል ወደ ታች ይወርዳሉ? ሰዎች ሁሉ ምን ያህል ይታጠፋል ብለው ነው የሚጨነቁት፣ እኔን ግን ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ አለመዘርጋቱ ነው። ጥቂት ዲግሪ እንኳ ቢጎድል ሰውየው ሳያውቀው ሌላኛው እግሩ ላይ መኖር ይጀምራል፣ ቆይቶም የፊት ጭን ጡንቻው አይመለስም።

ሁለተኛ ጡንቻው። ከጉልበት ሎሚ ስር ጅማት ሲወሰድ የፊት ጭን በጣም ነው የሚከሳው። የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልግና ከሎሚው በላይ 15 ሴንቲሜትር ምልክት አድርገህ ሁለቱንም ጭን ለካ። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ በመሣሪያ ይለካል፣ የተሰራው እግር ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ ሲደርስ ነው ደስ የሚለን።

ሕመም የለኝም ስላልከው ግን አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን ለሁሉም ነው የምናገረው። የተተከለ ጅማት መጀመሪያ ላይ ከሞላ ጎደል ሕይወት የሌለው ነገር ነው፣ ሰውነት ደም ስር አብጅቶለት እንደ አዲስ ይሰራዋል። በጣም የሚደክመው በግምት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፣ ያ ማለት ልክ እብጠቱ ጠፍቶ፣ ክራንቹ ተጥሎ፣ ሰው ድኛለሁ ብሎ በሚደፍርበት ሰዓት። አንተ ያንን አልፈሃል፣ ተመስገን። መብሰሉ ግን ከዓመት በላይ ይቀጥላል፣ ስለዚህ ኳስ ጨዋታ፣ መዝለል፣ ድንገት አቅጣጫ መቀየር ቢያንስ 9 ወር ሳይሞላ እንዳታስበው።

አሁን አንድ ነገር ሞክርልኝ። ሁለት የቤት ሚዛን ጎን ለጎን አስቀምጥና አንድ አንድ እግርህን አድርገህ ፊት ለፊት እያየህ ቁም፣ ሰው ያንብብልህ። ቁጥሩን ጻፍልኝ።

የአባቴልጅ (አትላንታ) ማርች 23

እኔ የምለው ለምን ጎበዝ ወጌሻ ጋ አትሄድም? አጎቴ ጉልበቱ ወልቆ ደብረ ብርሃን አንድ ወጌሻ በ2 ሳምንት ነው መሬት ያስረገጡት። እዚህ ሀገር ሁሉ ነገር ቢላ ነው። ቢያንስ በቅባት ቢታሽ ደሙ ይንቀሳቀስልሃል፣ ፍርሃቱም ይለቅሃል።

እህትአለም (ሚኒያፖሊስ) ማርች 24

የአባቴልጅ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፣ እኛም ቤት እናቴ ሁሌ ወጌሻ ነበር የምትጠራው፣ ለወለምታና ለጡንቻ ስንቱን ረድተዋል። እኔ ግን ነርስ ነኝና ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከኦፕራሲዮን በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባት ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ባቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። ያኔ ማሸት ማለት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ መላክ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ይሞታል። ባቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወጌሻ ጋም ቀጠሮ ጋም አይኬድም፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ነው። ሌላው ደግሞ የተበጠሰ ኤሲኤል ታሽቶ አይገጥምም፣ የወለቀ መገጣጠሚያና የተበጠሰ ጅማት ለየቅል ናቸው።

ግራጉልበት አንተ አሁን 6 ወር እየሞላህ ስለሆነ ጠባሳውን ራስህ በጣትህ በቅባት ቀስ እያልክ ብታንቀሳቅሰው ይጠቅምሃል፣ ፊዚዮህ ያሳይህ። ጾም ላይ ከሆንክ ደግሞ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ሽሮውን በደንብ ብላ፣ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይመለስም።

የአባቴልጅ (አትላንታ) ማርች 24

ስለ ደም መርጋቱ አላውቅም ነበር እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ቃሌን አንስቻለሁ።

ግራጉልበት ማርች 25

ፊዚዮዳላስ እህቴ፣ ሚዛኑን ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኩት። ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። እኔ እኩል የቆምኩ ነው የመሰለኝ፣ እንዲያውም ለግራ አድልቼ ነበር። ልጄ ሲያነበው ቀኝ 50፣ ግራ 34። አላመንኩም፣ ሚዛኖቹን አቀያይረን ደግመን ለካን፣ ያው ነው። ጭኔም በሜትር ሲለካ ግራው በ3 ሴንቲሜትር ይከሳል። መዘርጋቱ ግን ደህና ነው፣ ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ።

ከዚያ ጀምሮ ራሴን ማየት ጀመርኩ። ጥርሴን ስቦርሽ ቀኝ እግሬ ላይ ነኝ። ቡና ስጠብቅ ቀኝ እግሬ ላይ። ትናንት ደግሞ ሥራ ቦታ ወረፋ ላይ ቆሜ ግራ ተረከዜ መሬት እንኳ በደንብ አልነካም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ቆሜ ኖሬ ነው እንዴ ሬንጅ ላይ በአንድ ሰከንድ ተሻገር የምለው?

ፊዚዮዳላስ ማርች 25

ራስህ አገኘኸው። ስዊንጉን ለጊዜው ተወውና ቀኑን ሙሉ አቋቋምህን አስተካክል። ጥርስህን ስትቦርሽ ግራው ላይ ቁም። ከወንበር ስትነሳ ቀኙን ትንሽ ወደ ፊት አድርገህ ግራው ይሥራ። በየሳምንቱ ሚዛኑ ላይ ውጣ። ጭንህን ለማወፈር ደግሞ ከጂም ሌላ መንገድ የለም፣ ሌግ ፕሬስ በአንድ እግር፣ ደረጃ ቀስ ብሎ መውረድ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ከበድ አድርገህ።

የሚቀጥለውን ከጎልፈኞቹ ጋር ስትነጋገር እንድታውቀው ልንገርህ። ጉልበት ውስጥ ሴንሰር የተገጠመላቸው ሰዎች ላይ ሲለካ በስዊንግ ሰዓት የፊተኛው ጉልበት፣ ያንተ ግራው ማለት ነው፣ ከሰውነት ክብደት ከ4 እጥፍ በላይ ጫና ነው የሚያርፍበት። ስለዚህ ጭንቅላትህ ዝም ብሎ አይደለም የፈራው፣ ምክንያት አለው። ጡንቻው ሲደርስለት ነው የሚያምነው።

ጋሽጎልፍ (ቨርጂኒያ) ማርች 27

ልጄ እግዚአብሔር ይማርህ። እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ከ4 ዓመት በፊት ያው ግራ ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ብረትና ፕላስቲክ ገብቶልኛል። ያንተ ጅማት ነው የኔ ደግሞ መገጣጠሚያው እንዳለ፣ አንድ አይደለም፣ ግን ግራ እግር ላይ መሻገሩን መፍራት አንድ ነው፣ እኔም አልፌበታለሁ።

የረዳኝን ልንገርህ። ግራ እግርህን እንዴት ነው የምታስቀምጠው? እኔ 30 ዓመት ሙሉ የሁለቱም እግሬ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ኳሷ መስመር ነበር የሚያየው፣ እንደዚያ ነው የተማርነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ አስተማሪ የግራውን ጣት ወደ ዒላማው 30 ዲግሪ ያህል ክፈተው አለኝ። ሰዓት ላይ እንደቆምክ አስበው፣ ጣትህ 12 ላይ ከነበረ ወደ 11 አዙረው። ዳሌህ ሲዞር እግርህ አስቀድሞ መንገዱን ሰጥቶታል፣ ጉልበቱ መሃል ላይ አይጠመዘዝም። እኔ በዚያው ቀን ነው ልዩነቱን ያየሁት። የኋላ ስዊንጌ ትንሽ ካጠረ በቀር ምንም አልከፈልኩበትም።

ጫማህንም እይ። የድሮ የሚነክስ ሾህ ያለው ከሆነ ለጊዜው አስቀምጠው፣ ለስላሳውን ወይም ሾህ የሌለውን አድርግ፣ እግርህ ትንሽ ይዙር፣ መሬት ይዞ አያስቀረው። አንተ የተጎዳኸውም እኮ እግርህ ተቸክሎ ነው። ዝናብ ያደረበት ሜዳ ግን በለስላሳ ጫማ ያንሸራትታል፣ በዚያ ቀን ቅርብህ፣ ቤትህ ዋል።

ከዚያ ደግሞ አጭር ሜዳ ምረጥ። እኔ ከ4 ወር በኋላ በርክ ሌክ ነው የጀመርኩት፣ 18ቱም ሆል ፓር 3 (በ3 ምት የሚያልቅ አጭር) ስለሆነ ድራይቨር (ረጅሙን ዱላ) አትፈልግም፣ ዌጅና አጭር አይረን ይበቃል። አንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆንክ ስላይጎ ክሪክ 9 ሆል አለልህ።

ስግደቱን በተመለከተ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው አታስገድድም። እኔ ቆሜ በወገቤ ዝቅ እያልኩ ነው የማደርሰው። ለቅዳሴው መቋሚያ ያዝ፣ ግን ስማኝ፣ በቀኝ እጅህ ነው የምትይዘው፣ በጤነኛው እግር በኩል። ሰው ሁሉ በታመመው በኩል ነው የሚይዘው፣ እሱ ሰውነትን ያዘነብላል። በቀኝ ይዘህ ግራ እግርህን ሳትፈራ ርገጥበት። የሕማማት ሰዓቱ ረጅም ነው፣ እዚያው ቆመህ ክብደት መካፈል ትለማመዳለህ።

ግራጉልበት ማርች 27

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። መቋሚያውን በግራ ነበር የምይዘው። ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።

ሬንጅሰው ማርች 29

ታይገር ዉድስ እኮ 2008 ቶሪ ፓይንስ ላይ ኤሲኤሉ ተበጥሶ ዩኤስ ኦፕንን አሸንፏል፣ ያውም የመጨረሻው ቀን አልበቃ ብሎ ሰኞ ሌላ 18 ሆል፣ እሱም አልለይ ብሎ አንድ ሆል ጨምረው በድምሩ 91 ሆል። ከዚያ አንጻር አንተ ጅማትህ ተሰርቶልሃል፣ ለምን ትፈራለህ? ድፈርና ምታ ነው የምለው እኔ።

ሳርናአሸዋ (ሲያትል) ማርች 29

ሬንጅሰው ወንድሜ፣ ያንን ውድድር እኔም ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት፣ አሁንም ሳስበው ይወረኛል። ግን ቀጥሎ የሆነውንም እንናገር። አሸንፎ በሳምንቱ ነው ኦፕራሲዮን የገባው፣ የዚያ ዓመት ቀሪው በሙሉ አለፈው፣ ተመልሶ የታየው ፌብሩዋሪ 2009 ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የተሻለ ሐኪምና ፊዚዮ ያለው ሰው፣ በ32 ዓመቱ ተሰርቶ 8 ወር ጠበቀ። የመጀመሪያ ውድድሩ ላይም በሁለተኛው ዙር ወደቀ፣ ያሸነፈው በማርች መጨረሻ ቤይ ሂል ላይ ነው። በዚያ ላይ የግራ እግሩ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር የተጫወተው፣ ሐኪሞቹም አትጫወት ብለውት ነበር። ያው ግራ ጉልበት ከዚያ በኋላም 2019 ላይ እንደገና ተከፍቷል።

ያኔ ኳሷን ሲመታ ግራ ጉልበቱን እንዴት በኃይል ቀጥ እንደሚያደርገው ቪዲዮው ላይ እዩት። እኛ ወጣት ሆነን እሱን እያየን ነው ያንን የተማርነው። ግራጉልበት አንተ ያንን አትኮርጅ፣ ስትመታ ጉልበትህ ትንሽ ለስለስ ብሎ ይቆይ፣ ቀጥ ብሎ አይቆለፍ።

ከተጎዳ ሰው ታሪክ እኔን የሚያጽናናኝ የድሮው ጎልፈኛ የቤን ሆጋን ነው። ፌብሩዋሪ 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ተጋጭቶ ዳሌው ተሰበረ፣ ደም ረግቶበት ሊሞት ነበር (እህትአለም ከላይ ያልሽው ማለት ነው)። ይራመዳል ወይ ነበር ጥያቄው። በ1950 ሜሪዮን ላይ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። 16 ወር ነው የፈጀበት። በየቀኑ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ግቢ፣ ቀጥሎ ሰፈሩን እየዞረ በእግሩ በመራመድ ነው የተመለሰው።

ሬንጅሰው ማርች 29

እውነትህን ነው። 8 ወሩን አላሰብኩትም ነበር። ግራጉልበት አትቸኩል።

ካዲየነበርኩ (አዲስ አበባ) ኤፕሪል 2

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ያደግኩት ካዲ (የጎልፍ ቦርሳ ተሸካሚ) ሆኜ ነው፣ አሁን ጀማሪዎችን አስተምራለሁ፣ የጎልፍ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም ያየሁትን ነው የምናገረው። ክረምት ላይ እዚህ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ስለዚህ ልጆች ሆነን ታላላቆቻችን የሚያስተምሩን ከመታህ በኋላ ተራመድ ብለው ነበር። ማለት ኳሷ እንደሄደች ቀኝ እግርህን አንስተህ ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ትሄዳለህ፣ ኳሷን ተከትለህ የምትሄድ ይመስል። ታዋቂው ጎልፈኛ ጋሪ ፕሌየርም እንደዚያ ያደርግ እንደነበር በኋላ ነው በቪዲዮ ያየሁት። ጥቅሙ ምንድን ነው፣ ቀኝ እግርህን ለማንሳት የግድ ግራው ላይ መሆን አለብህ። ተሻገር ተሻገር ብለህ ለራስህ መናገር አያስፈልግህም፣ እርምጃው ራሱ ያሻግርሃል። ግራው ላይም ቆመህ አትጠመዘዝም፣ ጉልበትህ ቶሎ ይለቀቃል።

ግን ከኳስ አትጀምር። መጀመሪያ ዱላ ሳትይዝ ክንድህን አጣምረህ ተራመድ። ቀጥሎ ዱላ ይዘህ ያለ ኳስ፣ ሳሩን እየጠረግህ፣ 20 ጊዜ። ድምፁን ስማ፣ ሳሩን የምትነካው ከግራ እግርህ ተረከዝ ፊት ለፊት ከሆነ ተሻግረሃል፣ ከቀኝ እግርህ ፊት ከሆነ እዚያው ነህ። አሁን ኳስ አስቀምጥ፣ ግን በፒቺንግ ዌጅ 30 ሜትር። እኔ ተጎድቶ የመጣ ሰው ከጉድጓዱ ጀምሮ ወደ ኋላ ነው የማስኬደው፣ ፐት፣ ቺፕ፣ 30 ሜትር፣ 60፣ 100። አንዱን 3 ቀን ሳያብጥና ሳያም ከሰራው ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። ድራይቨር ከሁሉም በመጨረሻ፣ እሱም ቤት ይቀመጥ፣ ቦርሳ ውስጥ ካለ እጅ አያርፍም።

ፊዚዮዳላስ ኤፕሪል 2

ካዲየነበርኩ፣ እኔ 8 ዓመት ከተማርኩት ጋር አንድ ነው። ከልምምድ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ጉልበቱ ካበጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ፣ ካላበጠ ወደ ፊት። ሌላ ሕግ የለም።

ግራጉልበት ኤፕሪል 26

እንኳን አደረሳችሁ ለሁላችሁም፣ ዘገየሁ።

ሕማማቱን ንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ቆሜ በወገቤ ዝቅ እያልኩ ነው ያደረስኩት። ጋሼ እንዳሉኝ መቋሚያውን በቀኝ ይዤ ግራዬን ረገጥኩበት። ስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። እግዚኦታው እየተባለ ሳለ መቋሚያዬን አጠገቤ ለነበሩ አዛውንት ሰጥቻቸው ነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፣ ወደ ታች ሳይ ግራ እግሬ ላይ ቆሜያለሁ። ቀኙ ነው የላላው። ማንም አላዘዘኝም። እዚያው እንባዬ መጣ፣ በዓሉም ነው መሰለኝ።

ሚዛኑ አሁን ቀኝ 44 ግራ 40 ነው። ጭኔ ገና 2 ሴንቲሜትር ይጎድለዋል። ፊዚዮዬ በመሣሪያ ለካኝና 81 በመቶ ነው አለኝ፣ ገና ነው፣ ከበድ አድርገን እየሰራን ነው።

ልምምዱን ከካዲየነበርኩ እንደተማርኩት ነው የያዝኩት። ያለ ኳስ ሳሩን ስጠርግ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ከቀኝ እግሬ ፊት ነበር የሚነካው። አሳፋሪ ሳይሆን ጠቃሚ ነው የሆነልኝ፣ ቢያንስ የት እንዳለሁ አየሁ። በ5ኛው ቀን መሃል ደረሰ፣ በ9ኛው ቀን ወደ ግራ አለፈ። አሁን 60 ሜትር ላይ ነኝ። አንድ ቀን ቸኩዬ 7 አይረን አወጣሁና ወደ 40 ኳስ መታሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ሎሚዬ ዙሪያ አብጦ ጎድጓዳው ጠፍቷል። አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስኩ። ለዚህ ነው ሕጉን የምጽፍላችሁ፣ በሰዓቱ ምንም አላመመኝም ነበር፣ የሚነግራችሁ የማግስቱ ጠዋት ነው።

የግራ ጣቴን ወደ 11 ከከፈትኩ በኋላ ደግሞ ወገቤ ተወኝ።

ጋሽጎልፍ ኤፕሪል 27

ጎበዝ ልጄ። የስቅለቱን ሳነብ ለባለቤቴም አነበብኩላት።

ግራጉልበት ጁን 21

ትናንት ስላይጎ ክሪክ 9 ሆል ተጫወትኩ፣ ካርት ይዤ። 8 ወር ተኩል ሆኖኛል። ጡንቻዬ 91 በመቶ ሲደርስ ነው ፊዚዮዬ የፈቀደችልኝ። ድራይቨሩ ቤት ነው ያለው፣ ከ5 አይረን በላይ አልያዝኩም። ስኮሬ 49 ነው፣ ድሮ 42 እና 43 ነበር የምጫወተው፣ ግን በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ ካርድ ፈርሜ አላውቅም።

አንዱ ሆል ላይ ኳሴ ባንከር ገባች። ልቤ ደነገጠ፣ አልዋሻችሁም፣ እጄ ላይ የድሮው አሸዋ እንደገና የተጣበቀ ነው የመሰለኝ። ጓደኛዬ (ያኔ በካርት ያወጣኝ ነው) አውጥተህ ጣላት፣ ማንም አይቆጥርብህም አለኝ። ዞሬ በዝቅተኛው በኩል ገባሁ፣ 20 እርምጃ ያህል ነው ዙሩ፣ ከኋላ ሰዎች ነበሩ፣ ይጠብቁ። እግሬን አሸዋው ውስጥ ብዙ ሳልቀብር፣ ጣቴን ከፍቼ መታሁ። ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሳር) ላይ ወጣች። ከጉድጓዱ ሩቅ ነበረች፣ በ3 ፐት ነው የጨረስኩት፣ ግን ወጣች።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ጉልበቴን ነካሁት። ጎድጓዳው አለ።

ካዲየነበርኩ ጁን 22

እልልልል። ድራይቨሩን እስከ ሴፕቴምበር እንዳትነካው።

አዲስገቢ (ቶሮንቶ) ጁን 30

ሰላም፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። 39 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ፣ ጎልፍ ከጀመርኩ 3 ዓመቴ ነው፣ እኔም ግራ ኤሲኤሌ ነው፣ ነገ ጠዋት ነው ኦፕራሲዮኔ። ፈርቻለሁ። ቤት ውስጥ ምን ላዘጋጅ? ከሁለት ልጆቼ ጋር ብቻዬን ነኝ፣ መኝታ ቤቴም ፎቅ ላይ ነው።

ግራጉልበት ጁን 30

እህቴ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ነው። ቶሎ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከቻልሽ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳሎን ተኚ፣ አልጋውን ዛሬ ማታ ሰው አውርዶ ይስጥሽ። ደረጃ የግድ ከሆነ ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስትወርጂ የታመመው ከክራንቹ ጋር ይቀድማል፣ ዛሬ በጤናሽ ተለማመጂው። ሻወር ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አስገቢ። መሬት ላይ ያለ ምንጣፍና የልጆች መጫወቻ በሙሉ ይነሳ፣ ክራንች ይይዛል። ሽሮና ምስር ቀቅለሽ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፣ ክራንች ይዞ ድስት መሸከም አይቻልም። ትንሽ ቦርሳ አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪ፣ ስልክሽና መድኃኒቱ እዚያ ይሁን።

ትራሱን ከጉልበትሽ ስር እንዳታደርጊ፣ በጣም ይመችሻል ግን ታጥፎ ይቀራል። ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ፎጣ ጠቅልለሽ ተረከዝሽ ስር ነው፣ ጉልበትሽ በራሱ ክብደት ይውረድ፣ 10 ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ባትሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ እህትአለም ከላይ የጻፈችውን አስታውሺ፣ እንዳትጠብቂ።

የቶሮንቶ ልጆች ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መልእክት አግኟት፣ ቢያንስ ልጆቹን የሚይዝላት ሰው ይኑር። ስትነቂ ጻፊልን እህቴ፣ ማታውን እየጠበቅኩ ነው።